ጠመዝማዛውን መንገድ ያጠኑት ሐኪም፦ አቡልቃሲም አዝ-ዘህራዊ



አንድ ሰው በድንገት ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለውና አንደበቱ ሲተሳሰር፣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር በረጋ ደም መዘጋቱ ነው። ዛሬ አቅሙ ባላቸው ሆስፒታሎች ሐኪሞች በብሽሽት በኩል ቀጭን ካቴተር አስገብተው እስከ አንጎል ያደርሱና የረጋውን ደም ያወጡታል። ሲወራ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የደም ሥሩ ከአንገት ወደ ራስ ቅል ሲገባ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል፤ አንጎል ውስጥ ሲደርስ ስፋቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ካቴተሩ በጣም ልል ከሆነ መታጠፊያው ላይ አልሄድ ይላል፤ በጣም ደረቅ ከሆነ ደግሞ የሥሩን ግድግዳ ይበሳል። የረጋው ደም ተሰባብሮ ካመለጠም ሌላ ሥር ይዘጋል። ስለዚህ መሣሪያውን የሚነድፍ ሰው ሦስት ጥያቄ መመለስ አለበት፦ ጠመዝማዛውን መንገድ ሳያቆስል እንዴት ይለፍ? የዘጋውን ነገር በምን ያውጣ? እንዳያመልጠውስ ምን ያድርግ?

ከሺህ ዓመት በፊት በአንደሉስ የኖሩ አንድ ሙስሊም ሐኪም እነዚህኑ ጥያቄዎች በሌላ የሰውነት ቧንቧ ላይ፣ በሽንት ቧንቧ ላይ፣ ሠርተውባቸዋል። እኚህ ሰው አቡልቃሲም ኸለፍ ኢብኑል ዐባስ አዝ-ዘህራዊ ናቸው፤ ረሒመሁላህ።

የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ936 አካባቢ ነው። አዝ-ዘህራዊ የተባሉት ኸሊፋው ዐብዱረሕማን ሣልሳዊ ከቁርጡባ አጠገብ ባሠራው በመዲነቱ-ዘህራእ ከተማ ነው። የዘር ሐረጋቸው ወደ አንሷሮች ይቆጠራል። ዘመኑ ቁርጡባ በመስጂዷ፣ በመጻሕፍቷና በዑለማዎቿ የታወቀችበት ነበር። እርሳቸው ግን ለዘመናት ሲታወሱ የኖሩት በአንድ ሥራ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1000 አካባቢ በጨረሱት ባለ 30 ክፍል የሕክምና መጽሐፍ፣ በአት-ተስሪፍ። የመጨረሻው ክፍል ስለ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ወደ 200 የሚጠጉ መሣሪያዎች ሥዕል አለበት።

ያን ክፍል የጻፉት በቁጭት ነበር። በአገራቸው የቀዶ ሕክምና ሙያ ሊጠፋ እንደተቃረበ፣ የቀደምት መጻሕፍትም በገልባጮች ስሕተት እንደተበላሹ ተመልክተዋል። ለዚህ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነው፦ ሙያው ረጅም ነው፤ የአካልን አሠራር፣ የአጥንትን፣ የጅማትንና የደም ሥርን አካሄድ ሳያውቅ ቢላ የሚያነሣ ሰው ነፍስ ያጠፋል። ይህንንም ባዩት ነገር አስረድተዋል። አንድ አላዋቂ ሐኪም በሴት አንገት ላይ የወጣ እብጠት ሲቀድ ደም ሥሮችን ቆርጦ በእጁ ላይ ሕይወቷ እንዳለፈ መዝግበዋል። ተማሪዎቻቸውን ልጆቼ እያሉ ነበር የሚያስተምሩት፤ ልጅ ደግሞ የሚጠቀመው የተሳካው ብቻ ሳይሆን የከሸፈውም ሲነገረው ነው።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ሽንት አልወጣ ላለው ሕመምተኛ ካቴተር የሠሩት ከብር ነበር። ቀጭን፣ ልስልስ፣ እንደ ወፍ ላባ ዘንግ ውስጡ ክፍት፣ ርዝመቱም አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ነው። በውስጡ ክር ያሳልፋሉ፤ በክሩ ጫፍ ላይም ሱፍ ወይም ጥጥ አስረው የካቴተሩን አፍ ይደፍኑታል። ካቴተሩ ፊኛ ሲደርስ ክሩ ይሳባል፤ ጥጡ ሲወጣ ሽንቱ ተስቦ ይከተለዋል። ይህ መምጠጥ ነው። ዛሬም የረጋ ደም ከሚወጣባቸው ሁለት ዋና መንገዶች አንዱ መምጠጥ ነው፤ ሌላው በሽቦ መረብ ይዞ መጎተት ነው።

ከብሩ ዘንግ በላይ የሚደንቀው አገባቡ ነው። ካቴተሩ እስከ አንድ ቦታ ከገባ በኋላ የሕመምተኛው ብልት ወደ እምብርት ቀና እንዲደረግ፣ ጥቂት ከተገፋ በኋላ ደግሞ ወደ ታች እንዲመለስ በቅደም ተከተል ጽፈዋል። ምክንያቱንም ነግረዋል፦ የሽንት መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ብር እንደ ዛሬው ፕላስቲክ አይተጣጠፍም። መሣሪያው ካልታጠፈ መንገዱን አቃንተው ያሳልፉታል እንጂ በጉልበት አይገፉም።

በሽንት ቧንቧ ውስጥ ለተቀረቀረ ጠጠር ደግሞ ጫፉ ባለ ሦስት ማዕዘን የሆነ ቀጭን የብረት መሰርሰሪያ ነደፉ። አስቀድመው ከጠጠሩ በስተኋላ ከውጭ በክር ያስራሉ፤ ጠጠሩ ወደ ፊኛ ተመልሶ እንዳይሸሽ ነው። ከዚያ መሰርሰሪያውን በዝግታ አስገብተው በእጃቸው ጥቂት በጥቂት እያዞሩ ይበሱታል። ሽንቱ መንገድ ያገኛል፤ የቀረው ጠጠር ከውጭ ሲጫኑት ይፈረካከስና አብሮ ይወጣል። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የረጋውን ደም ሲጎትቱ በአንገት የደም ሥር ውስጥ ትንሽ ፊኛ ነፍተው የደሙን ፍሰት ለጊዜው ይገታሉ። ዓላማው ያው ነው፤ ስባሪው እንዳያመልጥ።

እዚህ ላይ ሚዛን ያስፈልጋል። አዝ-ዘህራዊ የረጋ ደም በካቴተር አላወጡም። ካቴተርንም የፈለሰፉት እርሳቸው አይደሉም፤ ከእርሳቸው በፊት ግሪኮች ነበራቸው፣ ስሙም የመጣው ከግሪክ ነው። ያላደረጉትን መጨመር ክብራቸውን አያበዛም። ያደረጉት በቂ ነው፦ ከቀደሙት ተቀበሉ፣ በእጃቸው ፈተኑ፣ አሻሻሉ፣ ሠዓሊም አንጥረኛም አይቶ እንዲሠራው አድርገው አስተላለፉ።

መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጦለይጥላ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ለብዙ መቶ ዓመታት የአውሮፓ ሐኪሞች መማሪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካዊው ቶማስ ፎጋርቲ ጫፉ ላይ ፊኛ ያለው ካቴተር ይፋ አደረገ፤ ከረጋው ደም አልፎ ይነፋና ወደ ኋላ ጠርጎ ያወጣዋል። የአንጎሉ ሕክምና በትላልቅ ጥናቶች የተረጋገጠው ደግሞ በ2015 ነው።

አዝ-ዘህራዊ ያረፉት እ.ኤ.አ. በ1013 አካባቢ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ መዲነቱ-ዘህራእ በእርስ በርስ ጦርነት ተዘርፋ ፈርሳለች። የኸሊፋው እብነ በረድ ፈረሰ፤ የሐኪሙ ሥዕሎች ቀሩ። ሰው ሲሞት የማይቋረጥለት ሥራ አንዱ ሰው የሚጠቀምበት ዕውቀት መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ምሳሌው ይኸው።

በሕክምና፣ በምህንድስናም ሆነ በሌላ ትምህርት ያላችሁ እህትና ወንድሞች! ለፈተና የምናጠናው አናቶሚ ነገ የአንድ ሰው ደም ሥር ነው፤ በቤተ ሙከራ የምንመዘግበው ቁጥር ነገ የአንድ መሣሪያ ጥንካሬ ነው። መንገዱን ሳያውቁ መግፋት አማናን ማጉደል ነው። አላህ ጠቃሚ ኢልም ይስጠን፤ ለአዝ-ዘህራዊም ይዘንላቸው። አሚን።