አንድሬስ ሴጎቪያና ሁለተኛው ጊታሩ

ከእኛ ከተማሪዎች መካከል ጊታር የያዘ አይጠፋም። የመጀመሪያውን ጊታር ሰው አብዛኛውን ጊዜ አይመርጠውም፤ ከታላቅ ወንድሙ ይወርሰዋል፣ ወይም ኪሱ የፈቀደለትን ይገዛል። ሁለተኛው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛውን የሚፈልግ ሰው ጣቱ ሠልጥኗል፣ ጆሮውም ነቅቷል፤ ስለዚህ የሚመርጠው ዕቃ እስከዚያ ድረስ ምን ያህል እንደ ተማረ ይመሰክርበታል። ታሪኩን ባጭሩ የምናቀርበው ስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያ ሁለተኛ ጊታሩን ለማግኘት 13 ዓመት የታገሠ ሰው ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ።

ሴጎቪያ በ1893 በደቡብ ስፔን፣ በአንዳሉሲያ፣ ሊናሬስ በምትባል የማዕድን ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አጎቱና የአጎቱ ሚስት ወስደው አሳደጉት፤ ኋላም ግራናዳ ከተማ ገብቶ በዚያ ጐለመሰ። በዚያን ጊዜ ጊታር በስፔን አገር በየመጠጥ ቤቱና በየሰፈሩ የሚሰማ፣ ለዘፈንና ለጭፈራ ማጀቢያ የሚሆን መሣሪያ ነበረ። የጨዋ ልጅ ሙዚቃ ይማር ከተባለ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን እንጂ ጊታር አይታሰብለትም ነበር። ልጁ ግን ከጊታር በቀር ሌላ አልወደደም። አስተማሪ ስላልነበረውም ያገኘውን የኖታ ወረቀት እየገለጠ ራሱን በራሱ አስተማረ። በ1909፣ በ16 ዓመቱ፣ ግራናዳ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ተቀምጦ ተጫወተ።

እርግጥ ነው፣ ከሴጎቪያ በፊትም ጊታር ሊቃውንት አልጐደሉበትም። አንቶኒዮ ደ ቶሬስ የተባለው የአልሜሪያ ሰው (1817–1892) የጊታሩን ሳጥን ሰፋ አደረገ፤ የክሩን ርዝመት ወደ 65 ሳንቲ ሜትር ገደማ አጸና፤ ከፊት ገበታው ሥር የሚለጠፉትንም ስስ ዘንጎች እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ሥርዐት ሰጣቸው። የድምፁ ዋና ምንጭ የፊት ገበታው መሆኑን ለማሳየትም በ1862 ጎኑና ጀርባው ከተቦካ ወረቀት የሆነ ጊታር ሠራ፤ ይህም ጊታር በባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ይገኛል። ከእርሱ ቀጥሎ ፍራንሲስኮ ታሬጋ (1852–1909) የቶሬስን ጊታር ይዞ ግራ እግርን በትንሽ በርጩማ ላይ አሳርፎ የመጫወትን ልማድ በደቀ መዛሙርቱ ዘንድ አስፋፋ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ጥበብ በትናንሽ አዳራሾችና በወዳጆች ቤት የተወሰነ ነበር። ሺህ ሰው ከሚይዝ አዳራሽ ገብቶ ጊታርን ብቻውን ለማሰማት የደፈረ ጥቂት ነው።

ሴጎቪያ በ1912 ወደ ማድሪድ ሲወጣ 19 ዓመቱ ነበር። የያዘው ጊታር ለዋና ከተማ ኮንሰርት የሚበቃ አልነበረም፤ አዲስ ለመግዛትም ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ወደ ስመ ጥሩው ጊታር ሠሪ ወደ ማኑኤል ራሚሬስ ሱቅ ሄዶ፣ ፒያኖ ተጫዋቾች ለአንድ ሌሊት ፒያኖ እንደሚከራዩ ሁሉ፣ እርሱም ጊታር ለመከራየት ጠየቀ። ይህን ታሪክ ራሱ ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል። ራሚሬስ በጥያቄው ተገረመ፤ ግን ከጊታሮቹ ምርጡን አምጥቶ ሰጠውና ሲጫወት ካዳመጠ በኋላ ገንዘብ ሳይቀበል አስረከበው። ወጣቱም ዋጋውን በገንዘብ ሳይሆን በሥራው እንዲከፍል አደራ ተቀበለ። እንግዲህ የሴጎቪያ የመጀመሪያው ታላቅ ጊታር በስጦታ የመጣ እንጂ እርሱ አስልቶ የመረጠው አልነበረም።

በዚህች ጊታር 25 ዓመት ያህል ዓለምን ዞረ። በ1924 ፓሪስ ላይ ተጫወተ፤ በ1927 ሸክላ ማስቀረጽ ጀመረ፤ በ1928 ኒው ዮርክ ገባ። በ1935 ደግሞ ባሕ ለቫዮሊን ብቻ የጻፈውን ታላቁን ሻኮን ለጊታር አዘጋጅቶ ፓሪስ ውስጥ አሰማ። ቶሮባ፣ ቱሪናና የሜክሲኮው ፖንሴ ለጊታር አዳዲስ ድርሰቶች ጻፉለት። የድምፅ ማጉያ ግን አይጠቀምም። አዳራሹ የቱን ያህል ቢሰፋ ሰው ጆሮውን አቅንቶ ያዳምጥ እንጂ የጊታሩ ጠባይ በመኪና ኀይል አይለወጥም የሚል አቋም ነበረው። እዚህ ላይ ችግሩ ይጀምራል። ድምፁ ለስላሳ የሆነ መሣሪያ፣ ያለ ማጉያ፣ በመጨረሻው ረድፍ ለተቀመጠው ሰው እንዴት ይድረስ? ባሕ ሁለትና ሦስት ዜማ ባንድ ጊዜ ሲያስኬድስ፣ የወፍራሞቹ ክሮች ድምፅ የቀጫጭኖቹን ሳይውጥ እንዴት ለየብቻ ይሰማ?

የአቀማመጡም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ተቀምጦ በጣቶቹ የሚደረድር ሰው ጊታሩን የሚይዘው በእጁ አይደለም። የመሣሪያው ወገብ በግራ ጭኑ ላይ ያርፋል፤ የሳጥኑ ሥር ቀኝ ጭኑን ይነካል፤ ጀርባው ደረቱን ይደገፋል፤ የቀኝ ክንዱ ደግሞ ከላይ በቀስታ ይጫነዋል። በእነዚህ በአራቱ ቦታዎች ከጸና ግራ እጅ ጊታር ከመሸከም ነጻ ወጥቶ ክር ከመጫን በቀር ሌላ ሥራ አይኖረውም። ሳጥኑ ከመጠን በላይ የወፈረ እንደ ሆነ ግን ቀኝ ትከሻ ይሰቀላል፤ አንገቱ የከበደ እንደ ሆነም ግራ እጅ እንደ ገና ተሸካሚ ይሆናል። ሴጎቪያ ክሩን የሚመታው በጥፍሩና በጣቱ ሥጋ ባንድነት ስለ ነበረ፣ ጥቂት የእጅ መዞር ድምፁን ከማር ወደ ብርጭቆ ይለውጥለት ነበር። ይህን ለውጥ የማይመልስ ጊታር፣ ምንም ቢጮኽ፣ ለእርሱ ዲዳ ነው።

ለዚህ ሁሉ መልስ የመጣው ከማይጠበቅ አገር ነው። በ1924 ሴጎቪያ ሙኒክ ከተማ በተጫወተ ጊዜ ሄርማን ሐውዘር ከተባለ ጀርመናዊ ጋር ተዋወቀ። ሐውዘር በ1882 የተወለደ፣ ዚተርና ሉት እንዲሁም በቪየናና በሙኒክ ልማድ ትናንሽ ጊታሮች የሚሠራ የታወቀ ባለሙያ ነበር። የሴጎቪያን ራሚሬስ ተቀብሎ መረመረ፣ ለካ። የታሬጋ ደቀ መዝሙር የሆነው ሚጌል ሎቤት የያዘውንም የቶሬስ ጊታር የማየት ዕድል አገኘ። አርባ ዓመት ያለፈውና በሥራው የተመሰገነ ሰው የለመደውን ንድፍ ወደ ጎን አድርጎ የስፔንን ልማድ እንደ ተማሪ ከመጀመሪያው ሊማር ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ሐውዘር በየጊዜው ጊታር እየሠራ ለሴጎቪያ ያሳይ ጀመር። ሴጎቪያም እየተጫወተ ይመረምራል፤ የጐደለውን ይነግረዋል፤ ራሚሬሱን የሚያስጥል ግን አያገኝም። ያ ጀርመናዊ አልተቀየመም፤ ያም ስፔናዊ ለወዳጅነት ሲል ያላመነበትን አልተቀበለም። በዚህ መካከል በ1936 የስፔን የርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። ሴጎቪያ አገሩን ለቆ ወጣና በደቡብ አሜሪካ፣ በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴኦ ተቀመጠ። ቤት ንብረቱን ላጣ ሰው የሚቀረው በእጁ የሚይዘው መሣሪያ ብቻ ነው፤ ምርጫውን ግን ችግር አላስቸኰለውም።

በ1937 የሐውዘር ሥራ ፍጹም ሆነ። ፊቱ ከስፕሩስ፣ ጀርባና ጎኑ ከሮዝውድ የተሠራው ጊታር የስፔንን መልክና የጀርመንን ጥንቃቄ ባንድነት የያዘ ነበር። እያንዳንዱ ክር ጥርት ብሎ ለየብቻ ይሰማል፤ ቀጫጭኖቹ ክሮች በአዳራሹ ውስጥ ርቀው ይሄዳሉ፤ የእጁም ጥቂት ለውጥ በድምፁ ላይ ይታያል። ሴጎቪያ ይህን ጊታር የዘመኑ ታላቅ ጊታር አድርጎ ቈጠረው፤ እስከ 1962ም ድረስ ዋና መሣሪያው ሆነ። ሁለተኛው ጊታር የመጀመሪያው ጠላት ሆኖ አልመጣም። የተለካው በራሚሬሱ ልክ ነውና፣ የእርሱ ልጅ ነው ቢባል ያስኬዳል።

መሣሪያው ቢገኝም የክር ነገር ቀረ። የያኔው የጊታር ቀጫጭን ክሮች፣ እንደ በገናችን ክር፣ ከአንጀት የተሠሩ ነበሩ፤ በወበቅ ይረግባሉ፣ በኮንሰርት መካከልም ይበጠሳሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀቱ ለቍስል መስፊያ ስለ ተፈለገ ጭራሽ ጠፋ። በዚህ ጊዜ አልበርት ኦገስቲን የተባለ የኒው ዮርክ ጊታር ሠሪ ከናይሎን ክር መሥራት ጀመረ፤ ሴጎቪያም ሞክሮ ተቀበለው። ናይሎን ክር ዛሬ በየአገሩ የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው።

ሴጎቪያ እያረጀ ሲሄድ በኢጣሊያ በሲየና፣ ከ1958 ጀምሮም በስፔን በሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ከየአገሩ የሚመጡ ወጣቶችን አስተማረ። ጠባዩ የዋህ ብቻ አልነበረም። ተማሪን በሰው ፊት ይቈጣ ነበር፤ ለኤሌክትሪክ ጊታርና ለአዲስ የዘፈን ዓይነት ፊት አልሰጠም፤ ከዚህም የተነሣ ያዘኑበት አልጠፉም። ነገር ግን በዘጠና ዓመቱም ከመድረክ አልወረደም። በ1987 በ94 ዓመቱ ማድሪድ ውስጥ ዐረፈ። ሐውዘር ቀድሞት በ1952 ሞቷል። ሁለቱ ጊታሮች፣ የ1912ቱና የ1937ቱ፣ በ1986 ለኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም በስጦታ ስለ ተሰጡ፣ ባንድ ቤት ይኖራሉ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ የሚተርፈው ምንድር ነው? ሁለተኛ ጊታር የሚሻ ጓደኛችን በመጀመሪያ ያለውን ጊታር አጥርቶ ይወቅ፤ የጐደለውን በቃል መናገር ካልቻለ ገና ለመግዛት አልደረሰም። ወደ ሱቅ ሲሄድ አሮጌውን ይዞ ይሂድ። ቆሞ ሳይሆን እንደ ልማዱ ተቀምጦ፣ በደንብ የሚያውቀውን አንድ ዜማ በሁለቱም ላይ በዝግታ ይጫወት። ግራ እጁን ለጥቂት ጊዜ ከአንገቱ ላይ ያንሣና መሣሪያው በጭኑ ላይ ይጸና እንደ ሆነ ይመልከት። ጓደኛውንም ከክፍሉ ዳር አቁሞ የትኛው ጥርት ብሎ እንደ ደረሰው ይጠይቀው፤ ለተጫዋቹ ጆሮ የጐላ ድምፅ ለአድማጭ ላይደርስ ይችላልና። በሣጥኑ ውስጥ የተለጠፈውን ስም ግን መጨረሻ ላይ ያንብበው። ስሙን አስቀድሞ ያነበበ ሰው የሚሰማው የሠሪውን ዝና እንጂ የክሩን ድምፅ አይደለም፤ ሴጎቪያ ግን ስሙን የሚያውቀውን፣ ወዳጁ የሆነውን ሰው ሥራ 13 ዓመት ሙሉ በጆሮው ብቻ ሲመዝን ኖሯል።