ሳሙኤል ፕሊምሶልና የመርከብ ጭነት ምልክት

ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ የሚገባ ኮንቴይነር በከባድ መኪና ላይ ከመጫኑ አስቀድሞ ባሕር ያቋረጠው ጎኑ ላይ ክብ ምልክት በተሳለበት መርከብ ነው። ክቡን አንድ አግድም መስመር ያቋርጠዋል፤ በበጋ ወቅት በጨው ውኃ ላይ የሚሄድ መርከብ ከዚህ መስመር በላይ እንዳይሰጥም ሕግ ያስገድዳል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ ባልደረባ፣ ከልክ በላይ የተጫነ መኪና ቁልቁለት ሲይዝ ፍሬኑ ምን እንደሚገጥመው ሊነገረው አያስፈልግም። መንገድ ላይ ግን ሚዛን አለ፤ መዛኙም የመኪናው ባለቤት አይደለም። በባሕር ላይ ይህን ያህሉን ለማግኘት ረጅም ትግል ጠይቋል። ትግሉን የመራው ሰው ደግሞ መርከበኛም መሐንዲስም አልነበረም።

ሳሙኤል ፕሊምሶል በ1824 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በወጣትነቱ አቋርጦ በሼፊልድ በአንድ የቢራ መጥመቂያ ጸሐፊ ሆነ፤ ውሎ አድሮም ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቃ። ከዚያ ወደ ለንደን ሄዶ በድንጋይ ከሰል ንግድ ቢሰማራም ከሰረ፤ በሳምንት ከስምንት ሽልንግ ባነሰ ገንዘብ በድሆች ማደሪያ ለመኖር ተገደደ። ኋላ ሀብት ቢያፈራም ያን ማደሪያ አልረሳውም። በ1868 የደርቢ ከተማ ሕዝብ የፓርላማ አባል አድርጎ መረጠው።

በዚያን ዘመን ያረጀ መርከብ ከዋጋው በላይ ዋስትና ይገባለትና እስከ አፉ ተጭኖ ይላካል። ቢደርስ ትርፍ ነው፤ ቢሰጥምም ባለቤቱ ካሳውን ይቀበላል። ለመሥራት ከፈረመ በኋላ መርከቡ አያስተማምንም ብሎ አልሳፈርም ያለ መርከበኛ ግን ወኅኒ ይወርድ ነበር። ሕዝቡ እነዚህን መርከቦች የሬሳ ሣጥን ይላቸው ነበር።

የጭነት መስመር ሐሳብ ከፕሊምሶል የመነጨ አይደለም፤ ጄምስ ሆል የተባለ የመርከብ ባለቤት ቀደም ብሎ ሲወተውትበት የነበረ ነው። የፕሊምሶል ድርሻ ሐሳቡን ወደ ሕዝብ ማድረሱ ነው። በ1873 ስለ መርከበኞች ያሳተመው መጽሐፍ አገሩን አነቃነቀ። መጽሐፉ ስሕተት አልነበረበትም ማለት አይቻልም፤ ስማችን ጠፋ ያሉ የመርከብ ባለቤቶችም ፍርድ ቤት አቁመውታል። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ግን ቋሚ የጭነት መስመር በሕግ መደንገጉን አልደገፈም።

በሐምሌ 1875 ጠቅላይ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ የመርከቦቹን የሕግ ረቂቅ ለጊዜው መተዋቸውን ባስታወቁ ጊዜ ፕሊምሶል ምክር ቤቱ ውስጥ ራሱን መግዛት ተሳነው። ጡጫውን ጨብጦ አባላቱን ጨካኞች ሲል ዘለፈ፤ ቃልህን አንሳ ቢባልም እምቢ አለ። ከቀናት በኋላ ይቅርታ ጠየቀ። የሕዝቡ ድጋፍ ግን ከእሱ ጋር ስለነበረ መንግሥት በዚያው ዓመት ጊዜያዊ ሕግ፣ በ1876 ደግሞ ምልክቱን ግዴታ የሚያደርግ ዋና ሕግ ለማውጣት ተገደደ።

ድል የተገኘ መሰለ። ይሁን እንጂ ሕጉ መስመሩ እንዲቀባ አዘዘ እንጂ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚቀባ አልወሰነም፤ ይህን ለባለቤቱ ተወለት። አንድ የካርዲፍ ካፒቴን ምልክቱን በመርከቡ ጭስ ማውጫ ላይ አስቀብቶታል እየተባለ ይነገራል። የመስመሩን ቦታ በስሌት ማግኘት ይቻል ነበር፤ የመርከቡ ርዝመት፣ ጥልቀትና ቅርጽ ታውቆ ከውኃ በላይ ሊቀር የሚገባው የመንሳፈፍ ትርፍ ይሰላል። የሎይድስ መዝገብ ድርጅት በ1882 ይህን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። ሠንጠረዡ በሕግ የግዴታ መለኪያ የሆነው ግን በ1890 ነው። ከምልክቱ መታዘዝ እስከዚያ ድረስ 14 ዓመት አለፈ።

ችግሩ ከመቶ ዓመት በኋላ በሰሜን ባሕር የነዳጅ ሥራ ላይ መልኩን ለውጦ ተመልሷል። የብሪታንያ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ምርቱን የማስፋፋትም ደኅንነቱን የመቆጣጠርም ኃላፊነት ነበረው። በሐምሌ 1988 ፓይፐር አልፋ የተባለው የነዳጅና የጋዝ ማምረቻ ነዶ 167 ሰዎች አለቁ። ሎርድ ከለን በ1990 ያቀረቡትን የምርመራ ውጤት ተከትሎ የደኅንነቱ ቁጥጥር በ1991 ከዚያ መሥሪያ ቤት ተወስዶ በሥራ ላይ ጤናና ደኅንነት ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ተሰጠ።

ፕሊምሶል በ1880 እንደገና ቢመረጥም መቀመጫውን ለሌላ ሰው ለቀቀ፤ ያ ሰው የመርከበኞችን ጉዳይ ይበልጥ ሊያራምድ ይችላል የሚል እምነት ነበረው። ከዚያ በኋላ የመርከበኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ከብት በሚያጓጉዙ መርከቦች ላይ ስላለው ሥቃይም ጻፈ። በሰኔ 1898 በፎክስቶን ከተማ አረፈ።

በ1906 የወጣ ሕግ መስመሩን ወደ ብሪታንያ ወደቦች በሚመጡ የውጭ መርከቦች ላይ ግዴታ ሲያደርግ፣ መርከቦች ቀድሞ ከተፈቀደላቸው ይበልጥ እንዲጫኑም ፈቀደ። ፕሊምሶል ይህን አላየም። በ1930 ለንደን ላይ የጭነት መስመር ዓለም አቀፍ ስምምነት ተፈረመ፤ በ1966 በሌላ ተተካ። ዛሬ የጭነት መርከቦች ብቻ ሳይሆኑ በባሕር ላይ ተንሳፈው ነዳጅ የሚቆፍሩ ግዙፍ መድረኮችም ይኸው ክብ ተቀብቶባቸዋል።