ኪዩ ሳካሞቶ

ኪዩ ሳካሞቶ (ታኅሣሥ 1 ቀን 1934 ዓ.ም. – ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.) ጃፓናዊ ዘፋኝ፣ ተዋናይና የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ ነበር። ከአገሩ ውጭ በይበልጥ የሚታወቀው «ሱኪያኪ» በተባለው ዘፈኑ ነው። ይህ ዘፈን በሰኔ ወር 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1963) በአሜሪካው የቢልቦርድ ሆት 100 ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቶ ለሦስት ሳምንታት ቆይቷል። በጃፓንኛ ተዘፍኖ እዚህ ደረጃ የደረሰ ሌላ ዘፈን እስካሁን የለም። አብዛኞቹ የአሜሪካ አድማጮች ግን ግጥሙን አይረዱትም ነበር፤ የሰሙትም ስም የዘፈኑ እውነተኛ ስም አልነበረም።

የልጅነት ሕይወት

ሳካሞቶ የተወለደው ከቶኪዮ አጠገብ በምትገኘው የካዋሳኪ ከተማ ነው። ጊዜው ጃፓን የአሜሪካን የጦር ሰፈር ፐርል ሃርበርን ከመታች ጥቂት ቀናት በኋላ ነበር። አባቱ በወደብ ጭነት ሥራ ይተዳደሩ ነበር። ለቤተሰቡ ዘጠነኛ ልጅ በመሆኑ ስሙ «ዘጠኝ» ማለት በሆነው ፊደል ተጻፈ። ፊደሉ «ሂሳሺ» ተብሎም «ኪዩ» ተብሎም ይነበባል፤ የመጀመሪያው የመዝገብ ስሙ ሲሆን ሁለተኛው የታወቀበት ነው።

የአየር ድብደባ በተፈራበት ወቅት እናቱ ሕፃኑን ይዘው በኢባራኪ አውራጃ ወደምትገኘው ወደ ካሳማ ሄዱ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ ካዋሳኪ ተመለሱ። ያን ጊዜ ጃፓን በአሜሪካ ጦር ሥር ነበረች። የወታደሮቹ ሬዲዮ ጣቢያ የሚያሰማው ሙዚቃ በጃፓን ወጣቶች ዘንድ እየተወደደ ሄደ፤ ሳካሞቶም በተማሪነቱ የኤልቪስ ፕሪስሊን አዘፋፈን በመምሰል በጓደኞቹ መካከል ታወቀ። ወላጆቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲለያዩ በሕግ የእናቱን የቤተሰብ ስም ኦሺማን ያዘ፤ በመድረክ ግን ሳካሞቶ እንደተባለ ቀረ።

የሙዚቃ ጅማሬ

እ.ኤ.አ. በ1958 «ዘ ድሪፍተርስ» በተባለው የጃፓን ባንድ ውስጥ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ወደ «ፓራዳይዝ ኪንግ» ተዛወረ። በ1960 ከዚህ ባንድ ጋር የተጫወተው ስለ አንድ የስድሳ ዓመት አዛውንት የሚናገር ቀልደኛ ዘፈን እውቅና አስገኘለት። የዘፈኑ ዜማ ከግብፅ የተነሣው «ያ ሙስጠፋ» ነው። በዚያን ዘመን የጃፓን ወጣት ዘፋኞች የውጭ ዜማ ወስደው በጃፓንኛ ግጥም መጫወታቸው የተለመደ ነበር። ዝነኛው ዘፈኑ ግን በግጥምም በዜማም የጃፓናውያን ሥራ ነው።

«ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ»

የዘፈኑ እውነተኛ ስም «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ሲሆን ትርጉሙ «ወደ ላይ እያየን እንሂድ» እንደ ማለት ነው። ግጥሙን የጻፈው ሮኩሱኬ ኤይ፣ ዜማውን የደረሰው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ ሃቺዳይ ናካሙራ ነው። «ሮኩ» ስድስት፣ «ሃቺ» ስምንት፣ «ኪዩ» ዘጠኝ ማለት ስለሆነ ሦስቱ ሰዎች በጃፓን «ስድስት ስምንት ዘጠኝ» እየተባሉ ይጠራሉ።

ግጥሙ እንባው እንዳይፈስ ቀና ብሎ እየተራመደ በሌሊት ብቻውን ስለሚሄድ ሰው ይናገራል። ብዙዎች የፍቅር ዘፈን አድርገው ሰምተውታል። ኤይ ግን እ.ኤ.አ. በ1960 ጃፓን ከአሜሪካ ጋር ያደሰችውን የጸጥታ ስምምነት በመቃወም በተደረገው ሰልፍ ተሳታፊ ነበር። ተቃውሞው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አደባባይ ቢያወጣም ስምምነቱን ማስቀረት አልቻለም። ግጥሙ የተወለደው ከሰልፍ ወደ ቤት ሲመለስ ከተሰማው ኀዘን ነው። በግጥሙ ውስጥ ግን ስለ ፖለቲካ አንድም ቃል የለም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ የራሱን ኀዘን ሊያስገባበት ቻለ።

ሳካሞቶ ዘፈኑን ከኤልቪስ በተማረው መንገድ፣ ድምፁን እየሰበረና ቃላቱን እየቆራረጠ ተጫወተው፤ ፉጨትም ጨመረበት። ኤይ መጀመሪያ ሲሰማው ግጥሜን አበላሸብኝ ብሎ ተቆጥቶ ነበር። ሕዝቡ ግን ወደደው። በጃፓን ብሔራዊ ቴሌቪዥን ኤን ኤች ኬ ከታየ በኋላ በጥቅምት 1961 እ.ኤ.አ. በቶሺባ ኩባንያ በሸክላ ታትሞ በመላ አገሪቱ ተሰማ።

ስሙ እንዴት ተለወጠ

ዘፈኑን ወደ ብሪታንያ የወሰደው የፓይ ሬከርድስ ኃላፊ ሉዊስ ቤንጃሚን ነው። በጃፓን ጉብኝቱ ሰምቶት ስለወደደው ኬኒ ቦል ከጃዝ ባንዱ ጋር ያለ ግጥም እንዲጫወተው አደረገ። የጃፓንኛው ስም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የሬዲዮ አቅራቢዎች አስቸጋሪ ነው ተብሎ ስለታሰበ «ሱኪያኪ» የሚል ስም ወጣለት። ሱኪያኪ በስሱ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ከአትክልት ጋር በአኩሪ አተር ስጎና በስኳር የሚበስልበት የጃፓን ምግብ ነው፤ ከዘፈኑ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። የተመረጠው የውጭ ሰው የሚያውቀው አጭር የጃፓንኛ ቃል ስለሆነ ብቻ ነው። አንድ የኒውስዊክ ጸሐፊ ነገሩን ታዋቂውን የአሜሪካ ዘፈን «ሙን ሪቨር» በጃፓን የሥጋ ወጥ ብሎ ከመሸጥ ጋር አመሳስሎታል።

የኬኒ ቦል ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1963 መጀመሪያ በብሪታንያ አሥረኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ፓስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚሠራ የሬዲዮ አቅራቢ የሳካሞቶን ሸክላ አጫወተ። አድማጮች ደጋግመው እንዲያሰማቸው ጠየቁ። ይህን ተከትሎ ካፒቶል ሬከርድስ የሳካሞቶን ሸክላ «ሱኪያኪ» በሚለው ስም በአሜሪካ አወጣው።

በአሜሪካ ያገኘው ስኬት

ዘፈኑ ሰኔ 8 ቀን 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1963) አንደኛ ሆነ። በብሪታንያም የሳካሞቶ ሸክላ ስድስተኛ ደረጃ አገኘ። ጃፓንና አሜሪካ የተዋጉበት ጦርነት ካበቃ ገና 18 ዓመቱ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ከመቶ ሺህ በላይ የጃፓን ተወላጆችን ከቤታቸው አውጥቶ በካምፕ አግዷቸው ነበር። የጸጥታ ስምምነቱን ከመቃወም የተወለደው ግጥም አሁን በዚያችው አገር ከሁሉም በላይ የሚሰማ ሆነ፤ ይህን የሚያውቁ አሜሪካውያን ግን ጥቂት ነበሩ።

ካፒቶል በዚያው ዓመት «ሱኪያኪና ሌሎች የጃፓን ተወዳጅ ዘፈኖች» የሚል አልበም አወጣ። የአልበሙ ርዕስ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ይዘቱ ሳካሞቶ በአገሩ የቀዳቸውን ዘፈኖች ያካተተ ነበር። አልበሙ በአሜሪካ 14ኛ ደረጃ ደረሰ። ሳካሞቶም በነሐሴ ወር ወደ አሜሪካ ተጉዞ በስቲቭ አለን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀረበ። ተከታይ ሆኖ የወጣው «የቻይና ሌሊቶች» ግን ከ58ኛ በላይ አልወጣም። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ያለ ደረጃ ያገኘ ዘፈን አልነበረውም።

በጃፓን የቀጠለ ሥራ

በውጭ አገር የአንድ ዘፈን ሰው ተብሎ ቢታወቅም፣ በጃፓን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ተወዳጅ ሆኖ ኖሯል። «በሌሊት ያሉትን ከዋክብት ቀና ብለህ እያቸው» እና «ነገ አለ» የተባሉት ዘፈኖቹ በ1963 እ.ኤ.አ. ወጥተው ታዋቂ ሆኑ። ደስ ካላችሁ አጨብጭቡ የሚለውን የልጆች መዝሙር በጃፓን ያስፋፋው እሱ ነው። በየዓመቱ መጨረሻ በሚቀርበው የኤን ኤች ኬ ታላቅ የዘፈን ውድድር ከ1961 እስከ 1971 በተከታታይ ተካፍሏል፤ በ1968 የወንዶቹን ቡድን በአቅራቢነት መርቷል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ተዋናይት ዩኪኮ ካሺዋጊን አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ከ1976 ጀምሮ በሆካይዶ ደሴት በሚገኘው የሳፖሮ ቴሌቪዥን የእሑድ ፕሮግራም ያቀርብ ነበር። በዚህም ስለ አካል ጉዳተኞች ሕይወት ለተመልካች ያስተዋውቅና በምልክት ቋንቋ ታጅቦ ይዘፍን ነበር።

አሟሟቱ

ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 1985) ለምርጫ የሚወዳደር ወዳጁን ለመደገፍ ከቶኪዮ ወደ ኦሳካ ለመሄድ በጃፓን አየር መንገድ በረራ 123 ተሳፈረ። ወቅቱ ጃፓናውያን የሞቱ ዘመዶቻቸውን የሚያስቡበት የኦቦን በዓል መዳረሻ ስለነበር አውሮፕላኑ በተሳፋሪ ተሞልቶ ነበር። ከተነሣ ከ12 ደቂቃ በኋላ የኋላው የአየር ግፊት መያዣ ግድግዳ ተቀደደ። ከጭራው አብዛኛው ክፍል ተገነጠለ፤ መቆጣጠሪያውን የሚያንቀሳቅሱት የሃይድሮሊክ መስመሮችም ተቋረጡ። አብራሪዎቹ ለ32 ደቂቃ ያህል ከታገሉ በኋላ አውሮፕላኑ በጉንማ አውራጃ ተራራ ላይ ተከሰከሰ። ከ524 ሰዎች 520ው ሞቱ፤ የተረፉት አራት ሴቶች ብቻ ናቸው። በአንድ አውሮፕላን ብቻ በደረሰ አደጋ ይህን ያህል ሰው ያለቀበት ጊዜ የለም።

መርማሪዎች የአደጋውን መነሻ ከሰባት ዓመት በፊት አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1978 አውሮፕላኑ ሲያርፍ ጭራው መሬት መትቶ ነበር፤ ግድግዳው ሲጠገን በትክክል ስላልተያያዘ ቀስ በቀስ ተሰነጠቀ። ሳካሞቶ ሲሞት ዕድሜው 43 ነበር። አስከሬኑ የታወቀው ልጅነቱን ካሳለፈባት ከካሳማ የኢናሪ ቤተ መቅደስ በሆነው የአንገት ጌጡ ነው።

ከሞቱ በኋላ

ዘፈኑ በብዙ ቋንቋዎች ተዘፍኗል። «ኤ ቴስት ኦፍ ሃኒ» የተባለው የአሜሪካ ቡድን በ1981 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ተጫውቶት ሦስተኛ ደረጃ አገኘ፤ ግጥሙ ግን ትርጉም ሳይሆን ስለ ጠፋ ፍቅር አዲስ የተጻፈ ነበር። ከሳካሞቶ በኋላ የአሜሪካን ገበያ የሞከሩ ጃፓናውያን ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ዘፍነዋል። «ፒንክ ሌዲ» በ1979 37ኛ ደረጃ ሲያገኙ ሂካሩ ኡታዳም በ2004 የእንግሊዝኛ አልበም አውጥታለች፤ አንዳቸውም ግን እሱ የደረሰበት አልደረሱም። ሌላ የእስያ ሙዚቀኛ ሆት 100ን የመራው ከ57 ዓመት በኋላ፣ የኮሪያው ቢቲኤስ በ2020 በእንግሊዝኛ ዘፈን ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. ጃፓን በምድር መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ ታዋቂ ሰዎች ይህንኑ ዘፈን እየተቀባበሉ በቴሌቪዥን ዘምረውታል። በሆካይዶ፣ ኩሪያማ ከተማ የመታሰቢያ ቤት ተሠርቶለታል፤ 6980 ቁጥር ያለው አስትሮይድም በስሙ ተሰይሟል። በተወለደባት ከተማ ኬይኪዩ ካዋሳኪ ጣቢያ ባቡር ሲደርስ የሚሰማው ዜማ «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ» ነው።