የብሪታኒዋ አን

አን እ.ኤ.አ. በ1477 በናንት ከተማ ተወለደች። አገሯ ብሪታኒ (ልጆች፣ ከእንግሊዝ ጋር እንዳታምታቷት) ዛሬ የፈረንሳይ ምዕራባዊ ክፍል ናት፤ ያኔ ግን የራሷ መስፍን፣ የራሷም የመኳንንት፣ የካህናትና የከተሞች ሸንጎ ነበራት። ሕዝቧ በምዕራብ ብሬቶንኛ፣ በምሥራቅ ለፈረንሳይኛ የቀረበ ቋንቋ ይናገር ነበር። እንደሚመስለኝ ያስተሳሰረው ከቋንቋው ይልቅ የቆየ መብቱ ነው።

አባቷ በ1488 ሲሞት አን ግዛቱን በ11 ዓመቷ ወረሰች። የፈረንሳይ ጦር በ1491 ሬን ከተማን ሲከባት ምርጫ አልነበራትም፤ በዚያው ዓመት ንጉሥ ሻርል 8ኛን አገባች። ሻርል በ1498 ራሱን ከበር ጉበን ጋር አጋጭቶ ሞተ። ብልህነቷ የታየው ይሄኔ ነው። የ21 ዓመቷ መበለት ወደ አገሯ ተመልሳ ሸንጎውን ጠራች፤ በስሟ የወርቅ ገንዘብም አስቀረጸች። በ1499 ሉዊ 12ኛን ስታገባ፣ ብሪታኒ ያለ ሸንጎዋ ፈቃድ ግብር እንዳይጣልባት በውል አስገባች።

በ1514 ስትሞት አስከሬኗ ከፈረንሳይ ነገሥታት ጋር በሳን ደኒ ተቀበረ፤ ልቧ ግን በወርቅ ሙዳይ ሆኖ ወደ ናንት ተወሰደ። ብሪታኒ በ1532 ከፈረንሳይ ጋር ተዋሐደች፤ የግብሩ መብት እስከ 1789 ቆየላት።