አባቱን ሸሽቶ ሊያመልጥ የሞከረው ልዑል

በዚህ እትም የማቀርብላችሁ የፕሩሺያውን ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክን የሕይወት ታሪክ ነው። ፕሩሺያ ዛሬ ካርታ ላይ ብትፈልጓት አታገኟትም። በዚያ ዘመን ጀርመን አንድ አገር ሳትሆን ብዙ ነገሥታትና መሳፍንት ተከፋፍለው የሚገዟት ነበረች፤ ፕሩሺያም ከግዛቶቹ አንዷ ናት። የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍሬድሪክ በ1712 በርሊን ከተማ ተወለደ። አባቱ ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ቀዳማዊ ከሁሉ በላይ ወታደር ይወዳል። በተለይ በጣም ረጃጅም ወታደሮችን ከየአገሩ እያስፈለገ ይሰበስብ ነበር። እናቱ ሶፊያ ዶሮቴያ ደግሞ የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ ቀዳማዊ ልጅ ናት።

ልጁ ግን እንደ አባቱ አልሆነም። የሚወደው መጽሐፍ ማንበብና ፍሉት መንፋት ነው። ፍሉት እንደኛ ዋሽንት በትንፋሽ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። አባቱ ይህን ሲያይ ይናደዳል፤ በሰው ፊት ሳይቀር ይደበድበዋል። ስለዚህ ፍሬድሪክ ሙዚቃውን ተደብቆ ይማር ነበር። ምስጢረኛው ታላቅ እህቱ ቪልሄልሚን ነበረች።

በ1730፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በቃኝ ብሎ ወደ እንግሊዝ ሊጠፋ ወሰነ። እዚያ የነገሠው አጎቱ፣ የእናቱ ወንድም ነው። ካተ የሚባል ወጣት የጦር መኮንን ጓደኛውም ሊረዳው ተስማማ። ግን ተያዙ። ፍርድ ቤቱ ካተ ዕድሜ ልኩን ይታሰር ብሎ ነበር፤ ንጉሡ ግን ይህ አይበቃም ብሎ ሞት ፈረደበት። ካተ በኩስትሪን ምሽግ አንገቱ በሰይፍ ተቀላ። ፍሬድሪክ እዚያው ታስሮ ስለነበር በመስኮት እንዲያይ ተገደደ፤ ራሱንም ስቶ ወደቀ። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ ማንበብ አቁሜ ትንሽ ቆየሁ። ጥፋቱ የፍሬድሪክ ሆኖ የሞተው ግን ጓደኛው ነው።

ከዚያ በኋላ ፍሬድሪክ ለአባቱ ታዘዘ። በ1733 አባቱ የመረጠለትን ልዕልት ኤልሳቤት ክሪስቲንን አገባ፤ ልጅ ግን አልወለዱም። በ1740 አባቱ ሲሞት በ28 ዓመቱ ነገሠ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስረኞችን እያሰቃዩ ማናዘዝን ከለከለ። እኔ ይህን ሳነብ ደስ አለኝ።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ዓመት ጦሩን አዝምቶ ሲሌዢያ የሚባለውን ግዛት ወረረ። ግዛቱ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ነበር፤ እሷም ገና አባቷ ሞቶባት ነበር። በዚህ ምክንያት ለዓመታት ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከ1756 እስከ 1763 በተደረገው የሰባት ዓመት ጦርነት ፕሩሺያ ራሷ ልትጠፋ ምንም አልቀራትም ነበር። በ1758 በአንድ ጦርነት ድል በሆነበት ቀን ደግሞ ያቺ የሚወዳት እህቱ ቪልሄልሚን ሞተች።

ጥሩ ሥራም አለው። ሕዝቡ እንዳይራብ ገበሬዎች ድንች እንዲተክሉ አዘዘ። ፖትስዳም ላይ ሳንሱሲ የሚባል ቤተ መንግሥት ሠራ፤ ትርጉሙ በፈረንሳይኛ ያለ ሐሳብ ማለት ነው። እዚያ ፍሉቱን ይነፋ፣ ከውሾቹ ጋር ይውል ነበር።

በ1786 በ74 ዓመቱ ሞተ። ሳንሱሲ ከውሾቹ አጠገብ ቅበሩኝ ብሎ ተናዞ ነበር። ዙፋኑን የወረሰው የወንድሙ ልጅ ግን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከማን አጠገብ ቢያስቀምጠው ጥሩ ነው? ከአባቱ! ያ ሊያመልጠው የሞከረው አባቱ ማለት ነው። ኑዛዜው የተፈጸመለት ከ205 ዓመት በኋላ በ1991 ነው። ዛሬ ሰዎች መቃብሩ ላይ ድንች ያስቀምጡለታል።

እኔ ከዚህ ታሪክ የተረዳሁት፣ የተበደለ ሰው ሁሉ ሌላውን ከመበደል አይመለስም ማለት ነው። ፍሬድሪክ ዱላን ያውቀዋል፤ ሲነግሥ ግን ጉልበቱን በሌላ ላይ አሳየ። እናንተስ፣ ታላቁ የሚለው ስም ይገባዋል ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጽፋችሁ ክበባችን ሳጥን ውስጥ ክተቱልን።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!