ምኒልክና የፈረንጅ አሮጌ ጠመንጃ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. ሲሞቱ አፄ ቴዎድሮስ ልጁን ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው መጥተው የአባታቸውን አልጋ ያዙ። ስለ ዓድዋ ድላቸው ሁላችንም ተምረናል። ጠመንጃው ከየት መጣ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

በዚያን ዘመን የአውሮፓ መንግሥታት በየጥቂት ዓመቱ የጦር መሣሪያቸውን ይለውጡ ነበር። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ለነጋዴ በርካሽ ይሸጣል። ነጋዴው በታጁራ በኩል በግመል ጭኖ ሸዋ ያደርሰዋል። ምኒልክም በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድና በቡና ይከፍላሉ።

ከነዚህ ነጋዴዎች አንዱ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነበር። በ1879 ዓ.ም. 2 ሺህ ያህል ጠመንጃ ይዞ አንኮበር ደረሰ። ጠመንጃዎቹ ባሩዱና አረሩ በአፈሙዝ የሚጠቀጠቅባቸው፣ አውሮፓ ከተዋቸው የቆዩ ነበሩ። እዚያ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገዛው፣ እዚህ 40 ፍራንክ ያህል ያወጣል ተብሎ ነበር። ታዲያ ምኒልክ ዕቃውን በጅምላ፣ በራሳቸው ዋጋ ገዙት። የሞተውን ሸሪኩንም ዕዳ ከሒሳቡ ቀነሱ። ቀሪውን ሐረር ሄዶ ከገዥው ከመኰንን እንዲቀበል ወረቀት ሰጡት። ራምቦ ከስሮ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ በብዛት የገባው ውጅግራ ነው። ፈረንሳዮች ጠመንጃን ፉዚ ይሉታል፤ ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን ስም ነው። ፉዚ ግራ በእኛ አፍ ውጅግራ ሆነ። በፈረንጆች 1874 ወጥቶ በ1886 ለቤል በሚባል አዲስ ጠመንጃ ስለተተካ አሮጌው ለገበያ ቀረበ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እንደ በር መቀርቀሪያ ያለውን ብረት አንስቶ ወደ ኋላ ሲስቡት ባዶው ቀለህ ይወጣል፤ አንድ ጥይት አጉርሶ መልሶ መዝጋት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ ጭሱም ብዙ ነው። ግን ተኳሹ ከድንጋይ ጀርባ እንደተኛ ሊያጎርስ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ጥይቱ ላይ ነበር። የውጅግራ ጥይት ለሬሚንግተን፣ የሬሚንግተኑም ለጣሊያኑ ቬተርሊ አይሆንም። ጠመንጃ ያለ ጥይት ደግሞ ዱላ ነው። ስለዚህ ጥይት የሚሸጥ ገዢውን በእጁ ሊያደርገው ይችላል። የጣሊያን መንግሥትም ይህንን ያሰበ ይመስላል። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ 4 ሚሊዮን ሊሬ አበደረ፤ በ1885 ዓ.ም. ደግሞ 2 ሚሊዮን ጥይት ላከ። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ፣ ብድሩን መለሱ፣ ውሉን አፈረሱ። ከፈረንሳይ ነጋዴዎችም ይገዙ ስለነበር አንድ በር ቢዘጋ ሌላው ክፍት ነበር።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በአሮጌ ጠመንጃ የተዋጋው የኢትዮጵያ ጦር ብቻ አልነበረም። ጣሊያን በፈረንጆች 1891 አዲስ ጠመንጃ አውጥታ ሳለ፣ ብዙ ወታደሮቿ የያዙት አሮጌውን ቬተርሊ ነበር። ውጤቱን ዓለም ያውቀዋል።

ሆኖም ሌላውንም ገጽ መዝለል አይገባም። ለጠመንጃው የተከፈለው የዝሆን ጥርስና ቡና አብዛኛው የመጣው በደቡብና በምዕራብ ከገበሩ ሕዝቦች ነው። እነሱን ያስገበረውም ይኸው ጠመንጃ ነው። አንዱ መሣሪያ ነፃነትንም ጭቆናንም ተሸክሟል።

ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ውጅግራው ግን በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ በአርበኞች ትከሻ ላይ ነበር። እንግዲህ ነገ ዓድዋን ስናስተምር ቀኑንና የጦር አለቆቹን ስም ብቻ አስቆጥረን አንለፍ። ጥይቱን ማን ሸጠ፣ ዋጋውን ማን ከፈለ ብለን ተማሪዎቻችንን እንጠይቅ።