ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ፣ የአቃቂ ወንዝ እና የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ደኅንነት

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ የአቃቂ ወንዝ ልዩ ስፍራ አለው። የአገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራው በዚሁ ወንዝ ላይ ሲሆን፣ ሥራው ከዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ጋር የተያያዘ ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው በኋላ የሸዋ ንጉሥ የሆኑት ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ሲሞቱ ወጣቱ ምኒልክ በዐፄ ቴዎድሮስ ተይዘው ተወሰዱ፤ ለአሥር ዓመታት ያህልም በእርሳቸው ዘንድ ቆዩ። ዐፄ ቴዎድሮስ የውጭ ባለሙያዎችን በጋፋት ሰብስበው መድፍ ያሠሩ የነበረው በዚሁ ዘመን ነው። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ በመመለስ የአባታቸውን ዙፋን ያዙ።

የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለውጭ ዕውቀትና ለእጅ ሙያ ያላቸው ፍላጎት ጎልቶ ይታይ ነበር። በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጡት ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ለረጅም ዓመታት የቅርብ አማካሪያቸው ሆነው አገልግለዋል። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ከጫኑና የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ከተገኘ በኋላ የዘመናዊነት ሥራው ተፋጠነ። ስልክ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ባንክና ዘመናዊ ትምህርት ቤት በዘመናቸው የተጀመሩ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በመሾም ለመንግሥት ሥራ ቋሚ ኃላፊዎችን አበጁለት።

ኤሌክትሪክ ወደ አገሪቱ የገባው በ1890 ዓ.ም. አካባቢ፣ ቤተ መንግሥቱን ለማብራት በመጣ ጄኔሬተር እንደሆነ ይነገራል። በ1904 ዓ.ም. አካባቢ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው ማመንጫ በአዲስ አበባ ለተቋቋሙ አነስተኛ ፋብሪካዎች ኃይል ለማቅረብ የታሰበ ነበር። ብርሃኑም በቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ ወደሚገኙ ዋና ዋና መንገዶችና ሕዝብ ወደሚገለገልባቸው ስፍራዎች ተዳረሰ። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም የአልጋ ቁራኛ ሆነው ነበር። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ያስጀመሩት ሥራ ገና በጅምር ላይ ነበር።

ከእርሳቸው በኋላ የአቃቂ ወንዝ ለሁለተኛ ጊዜ ኃይል ሰጥቷል። በዚሁ ወንዝ ላይ የተገነባው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። ይሁን እንጂ ለአሥርተ ዓመታት ከሥራ ውጭ ሆኖ ከቆየ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም. በቻይና ድጋፍ ታድሶ እንደገና አገልግሎት ጀመረ። ከዚህ የምንረዳው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ሁሉ ዕድሜ እንዳለው፣ ተተክሎ ሲረሳም እንደሚጠፋ ነው።

ይህ ለማመንጫ ብቻ ሳይሆን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ለሚገኘው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሳጥንም ይሠራል። በምኒልክ ዘመን የኤሌክትሪክ መስመር ዋና መጠበቂያ ጭነት ሲበዛ የሚቀልጥ የፊውዝ ሽቦ ነበር። ዛሬ በየቤቱ የሚታየው አነስተኛ ብሬከር የፈጠራ መብት ያገኘው እርሳቸው ካረፉ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 በጀርመን ነው። ብሬከር ሁለት ዓይነት ጥበቃ ያደርጋል፤ ጭነት ሲበዛ በውስጡ ያለው የሁለት ብረቶች ስስ ቅጠል በሙቀት ተጣምሞ መስመሩን ያቋርጣል፤ ገመድ ከገመድ ሲነካካ ደግሞ የማግኔት ጥቅልሉ በቅጽበት ይዘጋዋል። የውስጥ ክፍሎቹ በአቧራ፣ በእርጥበት፣ በዝገትና በተደጋጋሚ ሙቀት ስለሚዳከሙ፣ ያረጀ ብሬከር በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይዘጋ ይችላል።

በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ከፋብሪካዎቹ ጋር አብረው ያደጉ ነባር የመኖሪያ ሠፈሮች አሉ። በእንዲህ ያሉ ሠፈሮች ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ሬዲዮ ተብሎ የተዘረጋ መስመር ዛሬ የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ እንዲሸከም የሚደረግባቸው ቤቶች ይኖራሉ። 3,500 ዋት የሚፈጅ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ከጎኑ 2,000 ዋት ምድጃ ሲጨመር ድምሩ ወደ 25 አምፔር ይደርሳል። ለዚህ ጭነት ያልተዘጋጀ ገመድ በግድግዳ ውስጥ ይግላል፤ ሽፋኑም ይቀልጣል። የእሳት አደጋ የሚነሣውም ከዚህ ነው።

ስለሆነም ሳጥኑ ሲግል፣ ሲጮኽ፣ የቃጠሎ ሽታ ሲያወጣ፣ ቀለሙ ሲለወጥ ወይም ብሬከሩ ደጋግሞ ሲዘጋ በባለሙያ ማስመርመር ይገባል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ የመዳብ ሽቦ መቋጠር፣ ወይም ገመዱን ሳይቀይሩ ከፍ ያለ አምፔር ያለው ብሬከር መትከል ጥበቃውን ያስቀራል እንጂ ችግሩን አይፈታም። የብሬከሩ መጠን የሚወሰነው በገመዱ ውፍረት ነው። ሳጥኑ በሚቀየርበት ጊዜም የምጣዱ መስመር ለብቻው እንዲሆን፣ የመሬት መስመሩ እንዲፈተሽ፣ ሥራው ኃይል ተቋርጦ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንዲከናወን ማድረግ ያስፈልጋል።

ዐፄ ምኒልክ ያስገቡት ብርሃን በአንድ ቤተ መንግሥት ተወስኖ አልቀረም፤ ዛሬ በሚሊዮኖች ቤት ይገኛል። በዚያን ጊዜ የመብራቱ ጥበቃ በጥቂት ባለሙያዎች እጅ ነበር፤ አሁን ግን የማከፋፈያ ሳጥኑን በጊዜው የማስመርመርና የማስቀየር ኃላፊነት የእያንዳንዱ ቤተሰብ ሆኗል።